ሀጂ ሰኢድን ጠብቁኝ ያልኩ ቀን

ሲስተር ሙቢና ከአሰላ የደወለችልኝ አዲስ አበባ፣ የፌሎሺፕ ትምህርት ላይ ተቀምጬ ሳለ ነው። ቀዶ ሐኪም ነኝ። የተቀደደ የሆድ ግድግዳ እንዴት እንደሚጠገን በደንብ ልማር ብዬ መጥቼ ስምንተኛ ወር ሆኖኝ ነበር።

«ዶክተር ይርሳው፣ ሀጂ ሰኢድ ድንገተኛ ክፍል ናቸው» አለችኝ። «ከትናንት ጀምሮ ያስመልሳቸዋል። የሆዳቸው እብጠት ደንድኗል፣ ቆዳው ቀልቷል። ዶክተር እዮኤል አሁኑኑ ካልከፈትነው አንጀታቸው ይሞታል እያለ ነው። እሳቸው ግን ከጠዋት ጀምሮ አልፈርምም ብለዋል። ልጆቻቸው እግራቸው ላይ ወድቀው ለመኗቸው፤ እምቢ አሉ።»

«ለምን?»

«ይርሳው ጠብቁኝ ብሎኛል ነው የሚሉት።»

ደሜ ፈላ። ስልኩን ይዤ ወደ ኮሪደር ወጣሁ። ሀጂ የዲክሲስ ስንዴ ገበሬ ናቸው፤ ከገበሬነታቸው ይልቅ ግን በአስታራቂነታቸው ነው የሚታወቁት። ድንበር የገፋም ሆነ ቃሉን ያጠፈ ሰው እሳቸው ፊት ከቀረበ አለቀለት። ያንን ድርቅናቸውን ደግሞ ዛሬ በገዛ ሆዳቸው ላይ አመጡት!

ከአራት ዓመት በፊት አንጀታቸው ተጠማዞ ሌላ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር። ጠባሳው ላላና አንጀታቸው ከቆዳ ሥር ወጣ። ሁለቴ ጠገንኩላቸው፤ ሁለቴም ተመልሶ ተቀደደ። ሁለቱንም ጊዜ «ጆንያ ተሸክመዋል!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ወላሂ አልተሸከምኩም» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። ልጆቻቸው እንኳ እኔን አምነው ሲቆጧቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ሳምንት መምህራችን የስፌቱን አሠራር ሲያሳዩን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባኝ። መርፌውን አራርቄ እየወጋሁ፣ ክሩን እንደ ጭነት ገመድ እየሳብኩ ሥጋውን ያስቆረጥኩት እኔው ነበርኩ። ገባኝና ዝም አልኩ። ለሀጂም፣ ለልጆቻቸውም አልደወልኩም።

ጠብቁኝ ማለቴም የራሱ ጉድ አለው። ለፌሎሺፑ እኔና እዮኤል አመልክተን ነበር፤ ያለው አንድ ቦታ ነው፣ ለእኔ ደረሰ። ደብዳቤው በመጣ ማግስት ሀጂ ለክትትል መጥተው፣ ከተማሪዎች ጋር ሕመምተኛ በምናይበት ሰዓት ተገናኘን። እዮኤልም፣ ሙቢናም፣ ተማሪዎቹም ቆመዋል። የሀጂን እጅ ጨብጬ «እስክመለስ ይጠብቁኝ። ይህን ሆድ ማንም እንዳይነካው፤ እዮኤልም ቢሆን!» አልኩ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል። የተናገርኩት እዮኤል ሰምቶ እንዲያርር ነበር። ሀጂ ግን እጄን አጥብቀው ይዘው «ኤዬ፣ ቃሌ ነው» አሉ።

«ስጪኝ እስቲ ሰውዬውን!» አልኳት ሙቢናን።

«ይርሳው» አሉ ሀጂ በደከመ ድምፅ። «መቼ ትደርሳለህ?»

«አልደርስም! ይፈርሙ!»

«ከአዲስ አበባ አሰላ ሩቅ ነው እንዴ? እጠብቃለሁ።»

«እኔ ስደርስ ሬሳ ነው የማገኘው! ምን ዓይነት ደረቅ ሰው ነዎት! በግትርነት መሞት ጀግንነት መሰለዎት?»

በአባቴ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። እሳቸው ግን ጠብ ያጋጋለ ጎረምሳ የሚያበርዱ ይመስል ቀስ ብለው ነው የመለሱልኝ።

«እዮኤል እንዳይነካህ ስትለኝ የምታውቅበት ነገር ነበረ። ምንድን ነው? በሰው ፊት ነው ያሰርከኝ። የሰሙት እዚሁ ናቸው፤ እየሰሙ ፍታኝ።»

ሙቢና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። እዮኤል ሲያስል ሰማሁ። እሱ እየሰማ መናገር ከሞት በላይ ሆነብኝ፤ ደግሞም ጊዜ የለም።

«እዮኤል ምንም ጉድለት የለበትም» አልኩ ጥርሴን ነክሼ። «ስፎካከረው ነው ያልኩት። የተቀደደውም በጆንያ አይደለም፤ እኔ አበላሽቼ ሰፍቼው ነው። እርስዎ እውነትዎን ነበር። ይኸው፣ ፈታሁዎት!»

የመጨረሻዋን ቃል እንደ ስድብ ነው የወረወርኳት።

«መቼ አወቅህ?»

«እዚህ እንደመጣሁ።»

ከዚያ «እዮኤል፣ ወረቀቱን አምጣ» ሲሉ ሰማኋቸው።

ከሰዓት በኋላ እዮኤል ደወለ። «ክንድ የሚያህል አንጀት ቆርጬ አወጣሁ። ይተርፋሉ። የሆዱን ግድግዳ አልጠገንኩትም፤ በተበከለ ሆድ ውስጥ የመጠገኛ መረብ አይገባም። ጠዋት እንደመጡ ቢፈርሙ ኖሮ አንጀቱ ሳይቆረጥ ይመለስ ነበር።» ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ለሀጂ ደወልኩ። ይቅርታ ጠየቅሁና «አራት ወር ነው የቀረኝ። ስመለስ በሚገባ እሠራልዎታለሁ፤ አሁን አውቄዋለሁ» አልኳቸው።

«ላኪ፣ አይሆንም» አሉ በኦሮምኛም በአማርኛም። «እዮኤል በሚመጣው ዓመት ለዚያው ትምህርት ይሄዳል አሉኝ። ተምሮ ሲመለስ እሱ ይጠግነዋል።»

«ሀጂ፣ እሱ ተምሮ እስኪመለስ ሁለት ዓመት ሊሆን ይችላል! እስከዚያ አንጀቱ እንደገና ቢታነቅስ?»

«ቢታነቅ የተገኘው ሐኪም ይከፍተዋል፤ እዮኤል እንደ አንተ አላሰረኝም። መጠገኑን ግን ለእሱ ሰጥቻለሁ። ቃሌ ነው።»

የሚሠራው እጅ እዚህ ተቀምጦ፣ የሚሠራው ሆድ እዚያ! «ማን ፊት ነው የሰጡት?» ብዬ እንደ ሞኝ ጮህኩ።

«በጆንያው ነገር አንተን አምነው በቆጡኝ ልጆቼ ፊት» አሉና ስልኩን ዘጉት።