የግራ ጉልበት ፋሻ

ብዙወርቅ ሰው አታማም፤ ይህን መጀመሪያ እንስማማ። ብቻ ማወቅ ትወዳለች። የከተማውን ቡድን ልብስ ማጠብ ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ማልያ የሚያጥብ ሰው ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም። ማን እንደሮጠ፣ ማን ጥላ ሥር ቆሞ እንደዋለ፣ ማን ከጨዋታ በፊት ሲጋራ እንዳጨሰ ሳፋው ይነግራታል። አሰልጣኙ አንድ ቀን «አንቺ ብታሰለጥኚ ይሻል ነበር» ብሏት ነበር። ቀልዱን ነው፤ እሷ ግን ሦስት ቀን አስባበታለች።

ዘንድሮ ሳፋዋ ውስጥ ያልገባት ነገር ገባ። የባቢከር ፋሻ።

አሶሳ ውስጥ ባቢከርን የማያውቅ የለም። ከዚሁ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተነስቶ አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት አጥቂ ሆኖ የተጫወተ፣ የብሔራዊ ቡድን ማልያ የለበሰ፣ ማብቂያው ሲደርስ ወደ አገሩ የተመለሰ ልጅ ነው። ልጅ ይበሉት እንጂ መታወቂያው ሠላሳ ሁለት ይላል፣ እናቱ ሠላሳ ስድስት ትላለች፤ እናት ደግሞ አትሳሳትም። ግራ ጉልበቱ ላይ ነጭ ፋሻ ሳያስር ሜዳ ገብቶ አያውቅም። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ጉልበታቸው ደህና ሆኖ ሳለ የአሮጌ ሸሚዝ ቅዳጅ ግራቸው ላይ አስረው ነው የሚጫወቱት። ያላሰረውን «አንተ በረኛ ሁን» ይሉታል።

ታዲያ ያ ፋሻ ቅባት አይሸትም! የቡድኑ ወጌሻ የሚያሽበት ቅባት ዓይን ያስለቅሳል፤ የሌላው ተጫዋች ፋሻ ሳፋ ውስጥ ሲገባ ብዙወርቅ ፊቷን ታዞራለች። የባቢከር ፋሻ ግን ላብ ላብ ብቻ ነው የሚለው። የቀኝ ካልሲው አፍና የቁምጣው የቀኝ ጫፍ ነው በቅባት የወዛው። አንድ ሳምንት፣ ይሁን አለች። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ሳምንት ያው ሆነ። ከዚያ ሰውየውን ራሱን ማየት ጀመረች። ከሚኒባስ ሲወርድ ክብደቱን በግራው ይዞ፣ ቀኙን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ መሬት ያስቀምጣል።

«ወይ ጉድ!» አለች ለራሷ። ከዚያ በኋላ ምግብ አልበላ አላት።

ሰኞ ልብሱን ሊሰጣት ሲመጣ አልቻለችም። «ባቢ፣ ባልታመመ ጉልበት ላይ ፋሻ ለምን ታስራለህ?»

ባቢከር ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ሳቀና በተደፋው ሳፋ ላይ ተቀመጠ። «ወላሂ እትዬ፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ አንድም ተከላካይ አልነቃብኝም። ተከላካይ ፋሻ ያየበትን ነው የሚመታው። ስለዚህ ደህናውን እሰጣቸዋለሁ። ይምቱት፣ ይችላል።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ አልቋል። አንድ ኃይለኛ ምት ካገኘው በምርኩዝ ትሄዳለህ ብሎኛል ሐኪሙ።»

«ታዲያ በማርያም፣ ምን ልሁን ብለህ ትጫወታለህ?»

«አንድ እሁድ ነው የቀረኝ። ከባምባሲ ጋር ለዋንጫው እጫወትና፣ ሰው እንደሚያውቀኝ ሆኜ፣ በራሴ እግር ከሜዳ እወጣለሁ። በቃሬዛ አልወጣም።» ቀና ብሎ አያት። «አደራሽን።»

ብዙወርቅ በማርያም ስም ማለች። ሆድ ይፍጀው አለች። ሆዷም እስከ ሐሙስ ፈጀው።

ሐሙስ ጎረቤቷ ጠጂቱ ማንጎ ይዛ መጣች። ጠጂቱ የባምባሲ ሰው ናት፤ የእህቷ ልጅ ሁንዴሳ ደግሞ የባምባሲ ተከላካይ ነው። አጥቂ በሰላም ያሳለፈበት ቀን አይታወቅም። ማንጎ እየላጡ የእሁዱ ጨዋታ ተነሳ።

«የናንተ ባቢከር ደግሞ አስመሳይ ነው» አለች ጠጂቱ። «ሲሸነፍ ማመካኛ እንዲሆነው ነው ያን ፋሻ የሚጠመጥመው። ምንም የለበትም።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበር። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ግን የሚወዱት ሰው ሲሰደብ እንዴት ዝም ይባላል?

«ምን ታውቂያለሽና!» ብላ ብዙወርቅ ፈነዳች። ፋሻውን፣ ቅባቱን፣ ሐኪሙን፣ ሁሉን ዘረገፈችው። ስትጨርስ የያዘችው ቢላዋ እጇ ላይ ቀረ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አለች ቀስ ብላ።

«ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! እኔ?» አለች ጠጂቱ።

ቅዳሜ ጠጂቱ ራሷ መጣችና፣ ከሁንዴሳ ጋር በስልክ ሲያወሩ «ለጨዋታ ያህል» እንደነገረችው አወጣች።

«ምን አለሽ?» አለች ብዙወርቅ።

«ምንም። ዝም አለ።»

እሁድ ብዙወርቅ ባቢከርን መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ይዛ ተናዘዘች። «ምላሴን በቆረጠው! ሁንዴሳ ያውቃል። አትግባ፣ አፈር ስሆን!»

ባቢከር ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ አጠበቀ። «እንግዲህ ይምታኝ» አለ። ፋሻውን እንደ ልማዱ ግራው ላይ አሰረና ገባ።

ብዙወርቅ ከተቀያሪዎች ወንበር አጠገብ፣ የማልያው ከረጢት ላይ ተቀምጣ፣ ኳሱን ትታ ያን ቀኝ ጉልበት ስታይ ነበር። በአሥረኛው ደቂቃ ባቢከርና ሁንዴሳ ተገናኙ። ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ባቢከር አልፎታል። እሰይ! ሁለተኛም አለፈው። እንዴት ነው ነገሩ? ሁንዴሳ እኮ ነው! በሦስተኛው ዓይኗን አልጨፈነችም። ሁንዴሳ እግሩን ሰደደ፤ የባቢከር ቀኝ ጉልበት ጋ ሊደርስ ሲል ሰበሰበው። ባቢከር ብቻውን ሄዶ አገባ።

ሜዳው ተናወጠ። «ባቢ! ባቢ!» ባቢከር ግን አልሮጠም፣ እጁንም አላነሳም። ወደ ሁንዴሳ ሄዶ አንድ ነገር ጠየቀው። ሁንዴሳ አንገቱን ደፍቶ መለሰለት። የሁንዴሳም ግራ ጉልበት ላይ፣ እንደ ሰፈሩ ልጆች፣ ነጭ ፋሻ እንዳለ ብዙወርቅ ያስተዋለችው ያኔ ነው። ባቢከር ወደ አሰልጣኙ ዞሮ ቀይሩኝ ብሎ በእጁ አሳየ።

በራሱ እግር ወጣ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። መጥቶ ከብዙወርቅ ጎን ከረጢቱ ላይ ተቀመጠ።

«ምን አለህ?» አለችው። በዚህ ሰዓት እንኳ ሳታውቅ አልሆነላትም።

«ለምን አልመታኸኝም አልኩት።» ፋሻውን ከግራ ጉልበቱ መፍታት ጀመረ። «‹ጋሼ፣ እንዴት ብዬ› አለኝ። ጋሼ አለኝ እትዬ! ሜዳ ውስጥ!»

«ስለሚወድህ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ቢሰብረኝ ይሻለኝ ነበር።»

ፋሻውን ሰው ሁሉ እያየ ቀኝ ጉልበቱ ላይ ጠመጠመው። ብዙወርቅ የፋሻውን ጫፍ ይዛ ቋጠረችለት።

በእሱ ቦታ የገባው ነብዩ የሚባል የሃያ ዓመት ጎረምሳ የመጀመሪያ ኳሱን ይዞ በሁንዴሳ በኩል ሄደ። ሁንዴሳ ጠበቀው፤ ከነኳሱ አንስቶ መስመሩ ላይ አነጠፈው። ዳኛው ነፋ። ሕዝቡ ተሳደበ። ወጌሻው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሮጠ።

ባቢከር ሳያውቀው ከከረጢቱ ላይ ብድግ ብሏል። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ፊቱ ላይ ያለው ግን ቅናት ነው።

«አየሽ?» አላት። «እንዲህ ነበር የሚመቱኝ።»