ናይስ እና ፈኒ

ነገሩ የተጀመረው እሑድ ዕለት፣ ምሳ ተበልቶ እጃችንን ከታጠብን በኋላ ነው። የልጄ የቢፍቱ ልጅ ኢሊሊ ስድስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ለዓርብ የአያቶች ቀን አዘጋጅቷል፤ አዳራሹ ጠባብ ስለሆነ ግን አንድ ልጅ ይዞ የሚመጣው አንድ አያት ብቻ ነው ተብሏል። የኢሊሊ ሴት አያቶች ሁለቱም በሕይወት የሉም። የቀረነው ሁለት ወንዶች ነን፦ የእናቷ አባት እኔ ጂራታ፣ እና የአማቼ የፊራኦል አባት ነገሪ።

«ከሁለቱ ማንን ትወስጃለሽ?» ብላ ጠየቀቻት እናቷ። የጠየቀቻት በእንግሊዝኛ ነው።

ኢሊሊ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ወደተቀመጥነው ወደ እኛ ዞረች። በግ እንደሚገዛ ሰው ከላይ እስከ ታች አየችንና፣ «ግራንድፓ ጂራታ ኢዝ ናይስ» አለች። ትንሽ አሰብ አድርጋ ደግሞ፣ «ግራንድፓ ነገሪ ኢዝ ፈኒ» ብላ ጨመረች። ውሳኔውን ለሐሙስ ቀጠረችው። ሁላችንም ሳቅን። ነገሪ ምንም ሳይገባው ነው የሳቀው፤ እኔ ግማሹ ገብቶኛል።

ልጅቷ በፊቴ የምትናገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። እኔን አባቴ ያሳደገኝ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ቢፍቱን በአማርኛ አሳደግኳት፤ ቢፍቱ ደግሞ ልጇን በእንግሊዝኛ ታሳድጋለች። በየትውልዱ አንድ አንድ ቋንቋ እየጣልን መጥተናል፤ ቀጥሎ የሚጣለው የቱ እንደሆነ እንግዲህ ኢሊሊ ታውቃለች። እኔ ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ለጠበቆች ክስና መልስ እየተየብኩ የሸበትኩ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛ ስተይብ አንድ ፊደል አልስትም፤ የተየብኩት ምን ማለት እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ልጅቷ ያለችውን ብትል «የስ»፣ «ጉድ»፣ ሲበዛም «ቬሪ ጉድ» እያልኩ ነው የምመለሰው። ዝምታ ወርቅ ነው ይባል የለ።

ነገሪ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አሁን ሥራ ስለሌለው በየቀኑ ከትምህርት ቤት የሚያመጣት እሱ ነው። ሲናገር ከአብነት እስከ ሜክሲኮ ይሰማል። እንዲህ ያለው ሰው የልጅ ልጄን ወክሎ አዳራሽ ሊገባ ነው! አልዋሽም፣ ዓርብ መሄድ በጣም ፈልጌ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንደዚህ የፈለግኩት ነገር የለም።

ሰኞ ጧት ዘነበን ፍለጋ ሜክሲኮ ወረድኩ። ዘነበ ወዳጄ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተምሮ አሁን ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ያርማል።

«ናይስ ማለት ጥሩ ማለት ነው አይደል?» አልኩት።

«ነው።»

«ፈኒስ?»

«አስቂኝ።»

ማኪያቶ አዘዝኩለት። እኛ ዘንድ አስቂኝ የሚባለው ሱሪው መንገድ ላይ የወለቀበት ሰው ነው። እኔ ጥሩ፣ ነገሪ መሳቂያ፤ መዝገቡ ተዘጋ ብዬ ወንበሬ ላይ ተደላደልኩ። ዘነበ ግን አስተማሪ ነውና ጥያቄው ከተመለሰ በኋላ ዝም ማለት አይችልም።

«ግን» አለ፣ «ናይስ ቀላል ቃል ናት። ጫማህ ናይስ ነው። የዛሬው አየር ናይስ ነው። ይቺ ማኪያቶ ያመጣችልን ልጅ ናይስ ናት። ስሟን ታውቀዋለህ?»

«ከየት አውቄ?»

«አየህ! ናይስ ለማለት ስም እንኳ ማወቅ አያስፈልግም። ፈኒ ግን አብሮ መዋል ይፈልጋል። ሰውየው ሲናደድ ምን እንደሚል፣ ሲዋሽ ፊቱ ምን እንደሚመስል ማወቅ አለብህ።»

«ዘነበ፣ እኔ የጠየቅኩህ የቱ ይበልጣል ብዬ ነው።»

«ተማሪዎቼን አንድ የምታውቁትን ሰው ግለጹ ስላቸው፣ የሚሉት ያጡት ናቸው ናይስ ነው ብለው የሚጽፉት። ግማሽ ነጥብ ነበር የምሰጣቸው።»

ማኪያቶውን ባላዘዝኩለት ብዬ ተቆጨሁ። ቢሆንም ሰው በተፈረደበት ቀን አይሞትም፤ ይግባኝ አለ። ፈኒ መሆን ካስፈለገ ፈኒ እሆናለሁ አልኩና እዚያው ቀልድ እንዲያስጠናኝ ለመንኩት። አንድ ዝሆን ታክሲ ሊሳፈር ይመጣል፤ ረዳቱ ያየውና «ግባ ግባ፣ ከኋላ የአንድ ሰው ቦታ አለ!» ይለዋል። ዘነበ በእንግሊዝኛ አደረገልኝ። ሁለት ቀን መስታወት ፊት ቆሜ አጠናሁት።

ረቡዕ ወደ ማታ ላይ ቢፍቱ ቤት ሄድኩ። ነገሪ ልጅቷን አድርሶ ሄዷል። ኢሊሊ ታብሌቷን ይዛ ተቀምጣለች። ፊቷ ቆምኩና ኮቴን ቆልፌ ቀልዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድ ቃል ሳልስት ተናገርኩ። ዝሆኑ ጋ ስደርስ እጄን እንደ ኩንቢ አወዛውዣለሁ። ልጅቷ ዓይኗን ሳትነቅል እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ዛት ወዝ ቬሪ ናይስ፣ ግራንድፓ» አለች። ከዚያ ወደ ታብሌቷ ተመለሰች።

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ የተባለው ለእኔ ነው። ያን ምሽት እስከ ተክለ ሃይማኖት በእግሬ ነው የሄድኩት። ሰው በስድስት ዓመት ልጅ ይከፋል ወይ ብትሉኝ፣ ይከፋል።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ፍርዴን ልስማ ብዬ ቀደም ብዬ ሄድኩ። ቤታቸው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ስጨርስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ የነገሪ ድምፅ እንደ ልማዱ ኮሪደሩን ሞልቶታል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ይላል።

«ታብሌት ነዋ!»

«ውሸት! መጥበሻ ነው። በይ እንቁላል አምጪ።»

«ኧረ አባባ! ይበላሻል እኮ! አንተ ደግሞ አታርፍም!»

አማርኛ ነው። ጥርት ያለ የልደታ አማርኛ፣ ቁጣው ሳይቀር። መጀመሪያ የጎረቤት ልጅ መጥታ ነው ብዬ ነበር። ድምፁ ግን የኢሊሊ ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ማዳመጥ ጀመርኩ።

«ነገ ታዲያ ማንን ነው የምትወስጂው?» አላት ነገሪ።

«አባባ ጂራታን።»

«እኔስ?»

«አንተ ትጮሃለህ። ደግሞ ነገ ብዙ እንግዳ አለ። እንግዳ ሲኖር በእንግሊዝኛ ነው የሚወራው፤ እማዬ ናት ያለችው።»

«ጂራታም እኮ እንደ እኔው አያትሽ ነው።»

«እሱማ እንግዳ ነው። ኮቱን አያወልቅም። ሶፋው ላይ ይቀመጥና ‹ቬሪ ጉድ› ይላል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ናይስ ነው።»

ነገሪ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ረታሁ። በሕይወቴ ስንት ክስ እንደተየብኩ ቁጥሩን አላውቀውም፤ በገዛ ስሜ የረታሁት ግን ይሄን ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ የረቱ ሰዎች ሲተቃቀፉ አያለሁ። እኔ የተደገፍኩት ግድግዳውን ነው። ልጄ ቤት ስንት ዓመት ተመላለስኩ፣ የልጅ ልጄን ድምፅ የሰማሁት ግን ገና ዛሬ ነው፤ እሱንም ከውጭ ቆሜ።

በሩን አንኳኳሁ። ነገሪ ምንጣፉ ላይ በጀርባው ተንጋሏል፤ ታብሌቱ ሆዱ ላይ ነው። ኢሊሊ እንዳየችኝ ቀጥ ብላ ቆመች፣ ቀሚሷን በእጇ አስተካከለች።

«ሃይ፣ ግራንድፓ ጂራታ። ሃው አር ዩ?»

ቢፍቱ እጇን እየጠረገች ከኩሽና ወጣች። «አባዬ! ምነው ሳትደውል? ግባ፣ ግባ፣ ሶፋው ላይ ቁጭ በል» አለችኝ።

«ጂራታ፣ እንኳን ደስ አለህ» አለ ነገሪ ከተንጋለለበት። «ነገ የምትሄደው አንተ ነህ።»

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

ይህን ስል ነገሪ ሳቁን ቀስ አድርጎ ሰበሰበ። ከየት እንደሰማሁ ገብቶታል መሰለኝ፣ ታብሌቱን ከሆዱ ላይ አንስቶ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠና ገለል አለልኝ። በዚያች ሰዓት ወደድኩት።

ኮቴን አወለቅኩ። እዚያ ቤት አውልቄው ስለማላውቅ የት እንደሚሰቀል አላወቅኩም፤ ቢፍቱ ግራ ገብቷት ተቀበለችኝ። ከዚያ ጉልበቴ እየተንቋቋ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። የሰው ቀልድ መስረቅ አልፈለግኩም፣ ሌላ የምለው ስለጠፋኝ ነው። ታብሌቱን አነሳሁት።

«ኢሊሊ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ኢት ኢዝ ኤ ታብሌት፣ ግራንድፓ» አለችኝ በትህትና።

«በአማርኛ እኮ ነው የጠየቅኩሽ።»

ልጅቷ እኔን አየች፤ እናቷ ክንድ ላይ ያለውን ኮት አየች። ተጨነቀች። ያጠፋች ሳይመስላት አልቀረም። ቀስ ብላ ወደ እናቷ ሄደችና ቀሚሷን ይዛ፣ እኔ እንዳልሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እማዬ» አለች፣ «አባባ ጂራታን በአማርኛ ማናገር ይቻላል?»

ቢፍቱ ኮቴን እንደታቀፈች ቀረች። እኔም ከልጅቷ ጋር ሆኜ መልሷን ጠበቅኩ።