የዘጠኝ ሰዓት ምሳ

ሀጀር ሹካውን እንደ እንዝርት እያሾረች ፓስታውን ለመጠቅለል ስትታገል ቆየች። ተጠቀለለልኝ ብላ ወደ አፏ ልታደርሰው ስትል ተተርትሮ ሳህኑ ላይ ይመለሳል፤ ስጎው ደግሞ ሻሿ ድረስ ይፈናጠራል። በአራተኛው ሙከራ ሹካውን አስቀመጠችና አስተናጋጇን በእጇ ጠራች።

«የኔ ልጅ፣ እንጀራ የላችሁም?»

ደረቷ ላይ «ኣርያም» የሚል ስም የለጠፈችው ቀጭን ልጅ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ያለን ዳቦ ነው፣ እናቴ። እሱን ላምጣልዎት?»

«አምጪልኝ። ይሄ ነገር በዚህ ብረት የሚያዝ አይደለም።»

አጠገቧ የተቀመጠችው ወይንሸት ከት ብላ ሳቀች። ፊት ለፊታቸው ያለችው ሰኪና ግን ፈገግ ብቻ አለች። ከጠዋት ጀምሮ እንዴት እንደምትነግራቸው የምታሰላስለው ነገር ነበራት።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። ወይንሸት ጾመኛ ስለሆነች ምሳው ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጠረ፤ ሰኪናና ሀጀር ደግሞ ዙህር ሰግደው ከጎሮ አብረው በታክሲ መጡ። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ያለው ይህ የጣሊያን ምግብ ቤት በዚያ ሰዓት ጭር ብሏል። የምሳ ሰዎች ወደየቢሯቸው ተመልሰዋል፤ የጡቡ ምድጃ ግን ገና አልበረደም፣ የሊጥና የቲማቲም ሽታው ጠረጴዛቸው ድረስ ይመጣል። ያዘዙት ለሦስቱም የሚሆን ነበር፦ በስጎ ብቻ የተሠራ ፓስታ፣ ሥጋም አይብም ያልነካው ፒዛ። የሳሊተ ምሕረት ሰፈር ገና ማሳ ሳለ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ክፍል ተከራይተው ከኖሩበት ጊዜ ጀምሮ ልማዳቸው ይኸው ነው። ሥጋ ላይ ተገናኝተው አያውቁም፤ ከሥጋ በቀር ግን ያልተካፈሉት ነገር የለም። የአንዷን ልጅ ሌላዋ አዝላ አሳድጋለች።

«በይ አሁን ተናገሪ» አለች ወይንሸት ወደ ሰኪና ዞራ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ። ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት ናት፤ ጥያቄዋ ሁሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚያቆም ይመስላል። «አንቺ ሰው ቤትሽ ትጠሪያለሽ እንጂ ምግብ ቤት አትጠሪም። ታማ ይሆን ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት።»

«አልታመምኩም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

ሰኪና ሀጀርን አየቻት። ሀጀር በመጣላት ዳቦ ፓስታውን እየጠቀለለች ትጎርሳለች፤ ጉንጯ ሞልቷል፤ ዓይኗ በደስታ ጠበብ ብሏል። ስትበላ ቁርጥ ወንድሟን ነው የምትመስለው። ሰኪና ደግሞ ለዚያ ወንድም፣ ለኢሳ፣ ሃያ ዓመት ሚስቱ ሆና ኖራለች። ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ችግሩም ይህ ነበር። ጓደኛዋ ብቻ ብትሆን ኖሮ ወሬውን ገና ታክሲው ውስጥ ትነግራት ነበር።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሐሙስ ነው። ሰኪና ጎሮ ገበያ ውስጥ መጋረጃ ትሸጣለች፤ ግድግዳ ለግድግዳ ከሚዋሰናት ሱቅ ደግሞ አብዱልገኒ የኤሌክትሪክ ዕቃ ይሸጣል። ሚስቱ ከሞተችበት ስድስት ዓመት ያለፈው፣ ዝምተኛ፣ ጺሙን በሥርዓት የሚከረክም ሰው ነው። የዚያን ቀን ሰኪና ስድስት ሜትር ጨርቅ ብቻዋን ልትለካ ስትንገላታ አይቶ ገባና አንዱን ጫፍ ያዘላት። ለካች። ቆረጠች። እሱ ግን ጫፉን አልለቀቀም።

«ሰኪና» አለ መሬት መሬት እያየ፣ «ይሄን ጫፍ ሁልጊዜ እኔ ብይዝልሽስ?»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መቀሱ ከእጇ ወደቀ። «አትቸኩዪ» ብሏት ወጣ። ሰኪናም በዚያ ቀን ለደንበኛ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ቀለም አወጣች። ማታ መስተዋት ፊት ቆማ ራሷን አየች። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ልጇ ሙኽታር ሚስት አግብቶ እዚያው ከእሷ ጋር ይኖራል፤ ቤቱ ሰው አላጣም። እሷ ግን ከማታው የመግሪብ ሶላት በኋላ የምታወራው ሰው ካጣች ቆይታለች፤ ያንንም ያወቀችው ገና መስተዋቱ ፊት ስትቆም ነበር።

«አብዱልገኒ እናግባ ብሎኛል» አለች። ድፍረቷ ሳይከዳት ቶሎ ብላ ጨመረችበት። «እኔም ደስ ብሎኛል።»

ወይንሸት ወዲያው እልልታዋን ለቀቀችው። ምድጃው አጠገብ የቆመው ጋጋሪ ዞር አለ። ግን እልልታው መሀል ላይ ተቆረጠ፤ ወይንሸት የሀጀርን ፊት አይታ አፏን በእጇ ከደነች።

ሀጀር ማኘክ አቁማለች። የቀረውን ዳቦ ሳህኑ ዳር አስቀመጠች። ተነሣች።

«እጄን ልታጠብ» ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ፒዛው መጣ። ቲማቲሙ ላይ ቃሪያና ሽንኩርት እየተንጣጣ መጣ፤ የነካው ግን አልነበረም። ወይንሸት የሰኪናን እጅ ያዘች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ፤ ሌላ ሴት ወጣች። ሰኪና በሩን እያየች ራሷን ጠየቀች፦ ሀጀር አይሆንም ብትል፣ እኔም አይሆንም እለዋለሁ? መልሱን ስታገኘው ደነገጠች። አልለውም። አገባዋለሁ። ግን ሀጀር የሌለችበት ሠርግ አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ነው፤ ይቀመጡበታል እንጂ አይደላደሉበትም።

ሀጀር ተመለሰች። ፊቷን ታጥባለች፤ ሻሿን እንደ አዲስ አስራለች። ዓይኗ ግን መቅላቱን አልደበቀም። ተቀመጠችና ጠረጴዛው ላይ በክርኗ ተደገፈች።

«የደነገጥኩት በአንቺ ተቆጥቼ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ቤት ስመጣ ኢሳን የማገኘው ይመስለኛል። እሱ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ስቀመጥ ደስ ይለኛል። አሁን ሌላ ሰው ሲገባ እኔ ወዴት እሄዳለሁ ብዬ ነው። እንደ ሕፃን!»

«አንቺን ከደጄ የሚመልስሽ ማን ነው?» አለች ሰኪና። «ቦታሽ ላይ እሱም አይቀመጥ። ሌላ ወንበር ይፈልግ።»

ሀጀር ሳህኗን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ ከፒዛው ትልቁን ቁራጭ አንሥታ አጠፈችና እንደ ጉርሻ ወደ ሰኪና አፍ አስጠጋችው።

«እሺ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። ይሄ ሰውዬ ያንኮራፋል?»

«እኔ በምን አውቄ!»

«አጣሪ! ወንድሜ ሲያንኮራፋ ጣራው ይነሣ ነበር፤ ሃያ ዓመት ችለሽዋል። ለሁለተኛ ጊዜ ይሄ ዕዳ እንዳይገጥምሽ።»

ሰኪና የጎረሰችው ትን አላት። ወይንሸት ጀርባዋን እየመታች እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች፤ ሀጀርም ራሷ ሳቀች፤ ሚጥሚጣ ይዛ የመጣችው ኣርያም ለምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራቸው ሳቀች። ወይንሸት ያቋረጠችውን እልልታ ከቆመበት ቀጠለችው። ጋጋሪው ከምድጃው አጠገብ አጨበጨበ።

«ሽማግሌ ይላክ» አለች ሀጀር ሳቁ ጋብ ሲል፤ ፊቷ ኮስተር ብሏል። «አባትሽም ወንድሞችሽም አገር ቤት፣ ሐይቅ ከተማ ነው የተቀበሩት። እዚህ ያለሁልሽ እኔ ነኝ። ሽማግሌው እኔ ቤት ይምጣ፤ በሥርዓት ይጠይቀኝ። ሙኽታርንም እኔ አናግረዋለሁ፤ የአባቱ እህት ስትናገር ይሰማል።»

«እኔስ?» አለች ወይንሸት።

«አንቺ ሽማግሌዎቹን ታስፈራሪልኛለሽ።»

ሰኪና ስልኳን ይዛ ተነሣች። የመስተዋቱን በር ከፍታ ወደ በረንዳው ወጣች። ከዝናብ በኋላ የወጣው ፀሐይ አስፋልቱ ላይ ያንጸባርቃል፤ ታክሲዎች ይጮኻሉ፤ ሁለት ልጃገረዶች አንድ ጃንጥላ ተጋርተው እየተሳሳቁ አለፉ። ስልኩ ሁለቴ ጠራ።

«አቤት፣ ሰኪና። ሱቅሽ ተዘግቷል፤ በሰላም ነው? የት ነሽ?»

ያዘጋጀችውን ንግግር ሁሉ ተወችው።

«ከቤተሰቤ ጋር ምሳ እየበላሁ ነው» አለች። «አንተስ በላህ?»

አሥራ አንድ ዓመት በጉርብትና ሲኖሩ አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም ሰማችው፤ እሱም ሰማው፤ በስልኩ ውስጥ የጎሮ ገበያ ጫጫታ ብቻ ቀረ። ዞር ስትል ሀጀር ከመስተዋቱ በስተጀርባ ግንባሯን ለጥፋ ከንፈሯን ልታነብ ትታገላለች፤ ወይንሸት የሀጀርን ሻሽ ጫፍ ይዛ ወደ ኋላ ትጎትታታለች። ሰኪና ጀርባዋን ሰጠቻቸው፤ ስልኩንም ጆሮዋ ላይ ጠበቅ አድርጋ መልሱን ጠበቀች።