ጋዋኑ የሸፈነው ሽጉጥ

እናንተዬ፣ ካልነገርኳችሁ እፈነዳለሁ።

አባዬ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሌቦች እዛው ሱቁ ውስጥ አንገቱ ላይ ጩቤ አድርገው ከዘረፉት ወዲህ ፈቃድ አውጥቶ ሽጉጥ ገዛ። የከተማችን ሕግ ደግሞ ራስህን ለመጠበቅ መታጠቅ ትችላለህ፣ ግን በግልጽ ይታይ ይላል። ልብስ ከሸፈነው ደብቀሃል ተብለህ ቀጥታ እስር ቤት። ስለዚህ አባዬ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ፣ ሽጉጡን ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እማዬ "ፀጉር ልትቆርጥ ነው ወይስ ልትዘምት?" እያለች ትስቅበታለች። እኔም እስቅ ነበር።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱቁ ጎራ አልኩ። ወንበሩ ላይ ማን ቢቀመጥ ጥሩ ነው? ቀጭን ትዕዛዝ። የሰፈራችን ፖሊስ ነው፤ ቁመቱ የመብራት እንጨት የሚያክል፣ ሳቅ የሚባል የማያውቅ። ይህን ቅጽል ስም ያወጣንለት እኛ የሰፈር ልጆች ነን። ዳቦ ሻጩን ሹራቡ ሽጉጡ ላይ ስለወረደ ብቻ በካቴና አስሮ የወሰደው እሱ ነው። ሰውየው እስካሁን አልተፈታም።

ፊቱ አረፋ በአረፋ ሆኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ወደ ኋላ ጥሏል። አባዬ ስለ ዝናቡ እያወራለት በምላጭ ይላጨዋል። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ ቁልፉን እስከ ታች ግጥም አድርጎ።

ሽጉጡስ? ከጋዋኑ ሥር።

አባዬ በቃ ረስቶታል። ሱቅ ከገባ እኮ እጁ ራሱ ነው ጋዋን የሚያለብሰው፣ አያስብበትም። በመስታወቱ በኩል ወገቡን በዓይኔ አሳየሁት።

"ምን ሆነሻል ልጄ፣ ሆድሽን ነው?" አይለኝም?

ቀጭን ትዕዛዝ አንድ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ መልሶ ጨፈነ። ከዛ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ጠጋ ብዬ የጋዋኑን ቁልፎች መፍታት ጀመርኩ። አባዬ ያኔ ገባው፤ ፊቱ አረፋውን መሰለ። ጋዋኑ ሲከፈትና ሰውየው ዓይኑን ሲገልጥ እኩል ሆነ። በመስታወቱ ያየው አባዬ ወገብ ላይ ሽጉጥ ነው፣ የራሱ አንገት ላይ ደግሞ ምላጭ።

ከፎጣው ሥር እጁ ወደ ራሱ ሽጉጥ ሲሄድ አየሁ።

"ምላጩን አስቀምጥ" አለ ቀስ ብሎ።

አባዬ አስቀመጠና ሁለት እጁን ከፍ አደረገ።

"ስገባ ሽጉጧ ትታይ ነበር?"

"አልታየችም፣ አለቃ። ረስቼው ነው። ልጄ ናት ያስታወሰችኝ።"

ሰውየው እኔን አየኝ። በቃ አባቴን ወሰደው አልኩ። እሱ ግን ተነስቶ አረፋውን ራሱ ጠረገ፤ ፎጣው እጁ ላይ ይርገፈገፍ ነበር። ለካ እሱም ፈርቷል።

"አሁን ትታያለች" ብሎ ፂሙን ግማሽ እንደተላጨ ወጣ።

አባዬ ጋዋኑን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ፣ ሁለተኛ አልለብስም አለ። ቀጥሎ የመጣው ደንበኛ ከበሩ ሆኖ ሽጉጡን ሲያይ፣ ቆይቼ እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። የሚቀጥለውም እንዲሁ። በመጨረሻ አባዬ ባዶውን ወንበር በፎጣ መታ መታ አድርጎ ነይ ግንባርሽ ላይ የወረደውን ፀጉር ላስተካክልልሽ አለኝ።

መቀሱን ይዞ፣ ሽጉጡ ወገቡ ላይ፣ በመስታወቱ አየሁት። አባቴ እኮ ነው።

"ነገ፣ አባዬ" አልኩት።