ጭራ የሌለው አውሮፕላን

ቴሌቪዥኑ የሚስትየዋ ወንድም ንብረት ነው። ትዳሩ ሲፈርስ ከቤቱ ይዞት የወጣው እሱን ብቻ ነበርና፣ እህቱ ቤት ገብቶ ሳሎኑ መሃል ሲያቆመው ሥልጣኑንም አብሮ አቆመ። ዕድሜውን በጉምሩክ ፈታሽነት የጨረሰ ሰው ነው። ያልከፈተውን ሻንጣ አያምንም። ጡረታ ሲወጣ የሚከፍተው ሻንጣ አጣና የእህቱን ባል መፈተሽ ጀመረ።

የእህቱ ባል ደግሞ አይከፈትም። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ በወጣትነቱ ዘምቷል። ስለ ጦርነቱ በትዳር ዘመኑ ሁሉ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ነበርኩ፤ ጭራው ላይ፣ መትረየስ ይዤ። ከዚያ አልፎ የጠየቀውን ሁሉ "ሆድ ይፍጀው" ብሎ ያሰናብተዋል። ሰፈሩ ከዚህችው ንግግር ቆርጦ ስም አወጣለት፤ ጭራው። ማስረጃ ከተባለ ያለው አንድ ፎቶግራፍ ነው። በወታደር ልብስ የጭነት መኪና ተደግፎ ይስቃል። ፈታሹ ፎቶውን ጀርባውን ሳይቀር ገልብጦ መርምሮ፣ መኪና ነው፣ የሚበርም አይመስልም ብሎ መልሶለታል።

የእሁዱ ድራማ ባይመጣ ኖሮ እንዲሁ እየተጎሻሸሙ ይኖሩ ነበር።

ድራማው ስለ አንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላንና ስለ ጀግኖቹ ነው። የአውሮፕላኑ ሆድ አምስት ጥንድ ቢደንስበት አይጠብም። አራት ሞተር እየጮኸ ረዳት አብራሪው ስለ ፍቅረኛው በሹክሹክታ ያወራል፤ ይሰማልም። አብራሪው መልኩ እንዲታይ የአየር ጭምብሉን አያደርግም። በዚያ ከፍታ ያለ ጭምብል የሚያወራ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ እንደሚደፋ የነገረው የለም። ጸጉሩ ግን ከምድር እስከ ሰማይ ንቅንቅ አይልም። ቦምቡ ሲጣል ያለቅሳል፤ አንድ እንባ፣ ካሜራው ባለበት በኩል። ቦምቡ ራሱ ደመና ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል። የት ወደቀ፣ ማን ላይ ወደቀ የሚል የለም። ሙዚቃ ይመጣል፤ ጉዞ ወደ ቤት።

በመጀመሪያው እሁድ ፈታሹ ማስታወቂያ እስኪመጣ ታገሠ።

"አብራሪ አለ፣ ረዳቱ አለ፣ ካርታ የሚያነበው አለ፣ ቦምቡን የሚጥለው አለ። ጭራው ላይ ሰው አላየሁም። አንተስ አየህ?"

"ጭራውን አላሳዩትም።"

"ስንት የተማረ ሰው ተሰብስቦ የሠራው ነገር ነው። ጎማው እንኳ አልተረሳም። አንተ ብቻ ተረሳህ?"

ከዚያ ወዲህ እሁድ የፍተሻ ቀን ሆነ። የጠላት አውሮፕላን ከኋላ ብቅ ሲል ፈታሹ አማቹን በክርኑ እየጎሸመ፣ ተኩስ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ ይለዋል። ሻይ ሲቀርብ እህቱን፣ ለአራት ሰው ብቻ ቅጂ፣ አምስተኛ የለም ይላታል። ጭራው ጥርሱን ነክሶ ይቀመጣል። ዝም አይነቅዝም እያለ ራሱን ያጽናናል። እርግጥ ዝምታ አይነቅዝም፤ ጠላት አጠገብ ሲቀመጥ ግን ይሻግታል።

አንጀቱን ያሳረረችው ግን ሚስቱ ናት። ወንድሟ በተናገረ ቁጥር፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፣ ባሌን ተወው ስትል የኖረች ሴት ናት። አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፈች፣ ዓይኗን ከሸሚዙ ሳታነሣ፣

"ወጥ ቤት ነበርኩ ብትለኝ እኮ አልንቅህም" አለችው። "ወታደርም ይበላል።"

በማግስቱ የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ድራማው ወደሚቀረጽበት መጋዘን ሄደ። ቧንቧ ሠራተኛን በር ላይ የሚያቆም ዘበኛ በዓለም ላይ የለም፤ ይባስ ብሎ ሽንት ቤቱ በግራ በኩል ነው ብሎ አሳየው። ጭራው በቀኝ ታጠፈና አውሮፕላኑን አገኘው። ስስ ጣውላ ነው። አፍንጫው አለ፣ ክንፉ በግማሽ አለ፤ ከክንፉ ወዲያ አውሮፕላን የሚባል ነገር የለም። የአውሮፕላኑ ጭራ ሊኖር በሚገባው ቦታ የተዋናዮቹ የሻይ ጠረጴዛ ተዘርግቷል።

አንድ ወንበር ስቦ፣ ጀርባውን ለአውሮፕላኑ ሰጥቶ፣ ጠረጴዛውን በደረቱ ዘግቶ ተቀመጠ። አልነሣም አለ። ያ ባለጸጉሩ አብራሪ ስኳር ሊያነሣ መጥቶ ቢለምነው፣ ቢያባብለው፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ተጠራ።

ዳይሬክተሩ ጨዋ ነው፤ ሰው ማባረር የለመደ ጨዋ። አባባ እያለ፣ ጭራ ላይ ያለ ሰው ብቻውን ስለሆነ የሚያወራው እንደሌለው፣ ድራማ ማለት ደግሞ ወሬ እንደሆነ አስረዳው። ጭራው በበኩሉ እዚያ ውስጥ ብርድና ጩኸት እንጂ ወሬ የሚባል እንዳልነበረ ነገረው። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። አጠገቡ የቆመችው የድራማው ጸሐፊ ግን ጠየቀች።

"ከዚያ ሆነው ምን ይታያል?"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ይላት ነበር። ያን ቀን ግን ሆዱ ሞልቶ ነበር።

"የጣልነው ይታያል" አላት። "እነሱ ወደ ፊት ነው የሚያዩት። አንዴ ከጣሉት አለቀ። የእኔ ፊት ወደ ኋላ ነው። ከተማው ሲነድ እያየሁ ነው ቤቴ የምገባው። መንገዱን በሙሉ ይከተለኛል። አንድ ቀን ድልድይ ላይ…" አለና ተወው።

ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን እንደነከሰች ቀረች። ያባነናት ዳይሬክተሩ ነው፤ ይሄ ለእሁድ አይሆንም፣ ሰው ምሳውን በልቶ ነው የሚያየን አለ። ዳሩ ግን ሽማግሌው ካልተነሣ ሻይ የለም፤ ሻይ ከሌለ ደግሞ ተዋናይ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ በመጨረሻው ክፍል ጭራው ላይ ሰው እንደሚኖር በእናቱ ስም ማለለት።

ጭራው ቤቱ ገብቶ በሚስቱና በወንድሟ ፊት ተወራረደ። በመጨረሻው ክፍል ጭራው ላይ ሰው ካልታየ ወጥ ቤት ነበርኩ፣ ጦርነቱን የጨረስኩት ሽንኩርት ስከትፍ ነው እላለሁ አለ። ፈታሹ ደስታውን አልቻለውም። ወንበር ተበድሮ ጎረቤቱን ሁሉ የጠራው እሱ ነው።

በመጨረሻው እሁድ ሳሎኑ ጢም አለ። ድራማው እንደ ልማዱ በጸጉርና በሹክሹክታ ጀመረ። ከዚያ ካሜራው ዞረ። መስታወት፣ መትረየስ፣ ከመትረየሱ ኋላ አንድ ወፍራም ሰውዬ፤ ጭራው ላይ።

ሚስቱ ጉልበቱን ጨበጠችው። ፈታሹ ቴሌቪዥኑ ሥር ሌላ ዕቃ የተደበቀ ይመስል አንገቱን አሰገገ። ጭራው ከስንት ዘመን በኋላ ትንፋሹን ለቀቀ።

ያኔ ወፍራሙ ሰውዬ አዛጋ። አንገቱ ዘመመ፤ ያንኮራፋም ጀመር። የጠላት አውሮፕላን ከኋላ መጣ፤ ያየው የለም። አብራሪው ተመትቶ፣ በአንድ እጁ እያበረረ፣ ሁሉንም አድኖ ሞተ። ሲሞት እንኳ ጸጉሩ አልተበተነም። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ወፍራሙ ሰውዬ ዓይኑን እያሻሸ ነቃና፣ ደረስን እንዴ አለ።

አንዲት ጎረቤት እንባዋን እየጠረገች ወፍራሙን ሰውዬ ረገመችው። ከዚያ ሁሉም ዞረው ጭራውን አዩት።

ቀድሞ የተናገረው ፈታሹ ነው። ድምፁ የሻንጣውን ድብቅ ኪስ ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር፤ አክብሮት የሚመስል ነገርም አለበት።

"ለካ እውነትህን ነው። ለካ ጭራ ላይ ሰው ይቀመጣል።" ጠጋ አለው። "ለዚህ ነዋ አፍህን የዘጋኸው። ተኝተህ ነበር?"

በዚያ ብርድ ሰው እንደማይተኛ፣ ቢተኛም እንደማይነቃ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ግን ቴሌቪዥኑ ስለ እንቅልፉ ከዋሸ ጭራ ላይ ስላለው ሰውም ዋሽቷል ማለት ነው፤ ፈታሹ ደግሞ ይህን ለማለት ትንፋሽ አያጥረውም። ያኔ ተመልሶ ሽንኩርት ከታፊ መሆኑ ነው። የሚስቱ እጅ አሁንም ጉልበቱ ላይ ነበር።

"ተኝቼ ነበር" አለ።

"ቦምቡ ሲወድቅስ? ምንም አላየህም?"

"ምንም።"

ጎረቤቱ ከንፈሩን መጠጠ። ሚስቱ ጉልበቱን መታ መታ እያደረገች፣ እንቅልፉ ድሮም ከባድ ነው፣ እኔ መች አጣሁት አለች፤ ፊቷ ፈክቷል። ሰዉ የየራሱን ወንበር እያነሣ ሲወጣ፣ ያቺ ያለቀሰችው ጎረቤት በሩ ላይ ዞር ብላ፣ በልጅነት የተሠራ ነገር ነው፣ ፈጣሪ ይቅር ይበልህ አለችው።

አሜን አለ።