ውኃ የጠገበች ታንኳ
የደንገል ታንኳ ውኃ ይጠጣል። ከሐይቁ በተመለሰ ቁጥር ጎትተው አውጥተው፣ ዛፍ አስደግፈው ካላደረቁት እየከበደ ሄዶ አንድ ቀን ከነጌታው ይሰምጣል፤ ያረጀ ከሆነማ አንድ ሌሊትም ይበቃዋል። ይህን ጣና ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል። አብዱልሃኪምም ያውቃል። አባቱ ሱሌማን ያጠመዱትን ቆሮሶ ዓሣ ይዘው ወደ ገበያ ሲወጡ፣ አሮጊቷን ታንኳ ማውጣት የእሱ ሥራ ነበር፤ ያን የተረገመ የሕመም ማስታገሻ ኪኒን እንደ ቆሎ መቃም እስኪጀምር ድረስ።

ከዚያ ወዲህ የምታወጣት እህቱ ናኢማ ናት። እሱ ግንድ ተደግፎ ለሃጩን እያዝረበረበ ሲያንቀላፋ፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ ትጎትታለች። አባቷ ሲመለሱ «ጎበዝ፣ የኔ ልጅ!» ይሉታል፤ እሱም አንገቱን እንኳ ሳይሰብር ምርቃቱን ይቀበላል። ናኢማ ዝም። ገመና ነዋ! አባቷ ቢያውቁ ከቤት ያባርሩታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የወንድሙን በሽታ የደበቀስ?

አንድ ቀን የሟች እናቷ የብር አምባር ከሳጥኗ ጠፋ።

«የት አደረስኸው?» አለችው ወንድሟን።

«እኔ ምን አውቄ? አይጥ ወስዶት ይሆናላ!» ብሎ ሳቀባት።

ጠላችው፤ ከልቧ ጠላችው። ያን ማታ ታንኳዋን ውኃው ላይ እንዳለች ትታት ገባች። «እስቲ አባባ ይዩት! ጉዱ ይውጣ!»

ሱሌማን ግን ንጋት ላይ ታንኳዋን ውኃ ላይ ሲያገኟት፣ ልጄ አድርቆ አወረደልኝ ብለው መርቀውት ገቡባት። ከበደቻቸው። ቢሆንም ልጃቸውን አመኑ።

ረፋድ ላይ የሞተር ጀልባ ሰዎች ከሞገድ አውጥተው አመጧቸው። መረባቸው የለም። ከንፈራቸው ጠቁሮ ይንቀጠቀጣሉ። ታንኳዋ ግማሽ አካሏ ሰጥሞ በገመድ ተጎትታ መጣች። ጫጫታው የቀሰቀሰው አብዱልሃኪም ዓይኑን እያሸ ቀረበና ተቆጣ፦

«ምነው ናኢማ፣ ትናንት ሳታወጫት?»

ሰው ሁሉ ሰማ። ሱሌማን እሱን አላዩትም፤ ያዩት እሷን ነው።

«እስከ ዛሬ የምታወጫት አንቺ ነበርሽ?»

«አዎ፣ አባባ። ኪኒን መቃሙን፣ እንዳያባርሩት ብዬ ደበቅሁለት።»

«ደብቀሽ ገደልሽው እንጂ!» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ታንኳዋን አውጣት» አሉት። አንድ ጎረቤት ሊያግዝ ሲጠጋ ጮኹበት፦ «ማንም እንዳይነካት!»

አብዱልሃኪም ጎተተ። ንቅንቅ አላለችም፤ ገመዱ አመለጠውና ጭቃው ላይ ተዘረጋ።

«ናኢማ፣ ያዥልኝ እንጂ!»

የናኢማ እጆች ከልማዳቸው ብድግ አሉ። በሻርፗ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ቀበረቻቸው።

«አልይዝም» አለች እያለቀሰች። «ወላሂ፣ ከእንግዲህ አልይዝልህም!»

አብዱልሃኪም የምሯን አልመሰለውም። ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃት።