ምንም ያልበቀለበት ሳህን

«እጅዎን የታጠቡት መቼ ነው?»

ይህ ጥያቄ እናትየዋን አንገቷን አስደፋት። ከደቂቃ በፊት እኮ በኩራት አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር። የባክቴሪያ ተመራማሪዋ ከሰው እጅ የተወሰደ ናሙና የተዘራባቸውን፣ ክዳን ያላቸውን ትንንሽ ሳህኖች መብራት ሥር ደርድራ፣ ይሄ የነርሱ እጅ ነው፣ ይሄ የዶክተሯ፣ ይሄ የባለቤትዎ፣ ይሄኛው የራሴ እያለች ስታሳያት፣ በሁሉም ላይ ነጭና ቢጫ ነጠብጣብ እንደ ሽፍታ ወጥቶ ነበር። የባሏማ ለጉድ ነው፤ የሻገተ ዳቦ ይመስላል። ጥግ ላይ የተቀመጠው የእሷ ሳህን ግን አሁን ከፋብሪካ የወጣ መስሎ ያበራል። ዕድሜዋን በሆቴል ላውንደሪ የሰው አንሶላ ስታነጣ የኖረች ሴት ይህን አይታ ደስ ባይላት ነበር የሚገርመው።

«አልተቆጣሁም፤» አለች ተመራማሪዋ። «ግን እናቴ፣ የሰው እጅ እንዲህ አይሆንም። የሕፃን እጅ ላይ እንኳ የሆነ ነገር ይበቅላል። የአፍንጫዎም ናሙና ባዶ ነው።»

እናትየዋ እጆቿን የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ነገሩ የልጇ እግር ነው። ልጅቷን ሰፈሩ ሁሉ ዛሬም ሚጣ ይላታል፤ በሞተር ዕቃ እያደረሰች ራሷን የምታስተዳድር፣ ሄልሜቷን በብብቷ ሸጉጣ የምትገባ ሙሉ ሴት ሆናም ሚጣ ናት። አንድ ዝናባማ ቀን ሞተሩ አንሸራቶ ጣላትና ቅልጥሟ ተሰበረ። ብረት ገባላት፤ በብሎን ታሰረ። አጥንቱ መያያዝ ሲጀምር ቁስሉ መግል ቋጠረ። መድኃኒት ስትውጥ ይደርቃል፣ ስታቆም ተመልሶ ያዣል። በመጨረሻ ብረቱ ወጣ። አሁን ሌላ ብረት እስኪገባላት ድረስ እግሯ ከውጭ በዘንግ ተደግፎ ሆስፒታል ተኝታለች።

የአጥንት ዶክተሯ ነገር አትሸፋፍንም። ወላጆቿን ቢሮዋ ጠርታ፣ ሁለተኛውም ብረት እንደ መጀመሪያው ከተበላሸ የምንነጋገረው ስለ ብረት ሳይሆን እግሩን ስለ መቁረጥ ይሆናል አለቻቸው። አባትየው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ በሰው አንገት ላይ ምላጭ ሲያመላልስ የኖረ ሰው። ይህን ሲሰማ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ እያለ ወርዶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ነርሱ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አምጥቶ አጠጣው። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል መምጣት ሲኖርበት ሁልጊዜ አንድ አስቸኳይ ደንበኛ ይመጣበታል።

ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው የምርምር ክፍል፣ ሰውነት ውስጥ የሚገባ ብረት ለምን እንደሚበከል የሚያጠኑ ሰዎች የሚሠሩበት ነው። ያቺው የአጥንት ዶክተር አለች፣ አንድ የብረት መሐንዲስ አለ፣ የባክቴሪያ ተመራማሪዋ አለች። ከሚጣ እግር የወጣውን ብረት ወስደው መረመሩት። ከዚያ ቁስሏን የነካና በቤት አብሯት ያለ ሰው ሁሉ ከእጁና ከአፍንጫው ናሙና እንዲሰጥ ጠየቁ።

እናትየዋ ይህን በሥራ ቦታ ስታወራ፣ አብራት የምትተኩሰው ሴት ካውያዋን አቁማ አየቻት። «አልገባሽም እንዴ? ጥፋተኛ እየፈለጉ ነው፤» አለቻት።

ቤት ውስጥ የሚጣን ቁስል የሚያጥብ ሌላ ሰው አልነበረም። ነርሱ እንዳሳያት ነበር የምታደርገው፤ ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ ጓንቱ አዲስ፣ ፋሻው ከፓኬቱ የወጣ። አንድም ቀን አላጓደለችም። ፍርሃት ግን ይህን ሁሉ አይሰማም። ናሙና በምትሰጥበት ጠዋት እጇን እስከ ክርኗ በበረኪና ፈገፈገች። አፍንጫዋን ደግሞ ባሏ ምላጭ በሚጠርግበት አልኮል ጥጥ ነክራ ጠረገችው። ዓይኗ እንባ ሲያፈስ ባሏ ምን ሆንሽ ቢላት ጉንፋን ነው አለችው።

አሁን ይህንኑ ለተመራማሪዋ ነገረቻት። ቀስ ብላ፣ መሬት መሬት እያየች። አልኮሉ ላይ ስትደርስ ከአንድ ትልቅ ማሽን ኋላ ሲሠራ የነበረው መሐንዲስ ሳቁን ማፈን አቅቶት ሳል አስመሰለው።

«አንተ፣» አለችው ተመራማሪዋ፣ «ከምትስቅ ና አሳያቸው።»

መሐንዲሱ ወንበር ስቦ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣት። በስክሪኑ ላይ የታረሰ ማሳ የሚመስል ነገር አየች። ብረቱ ነው አላት፤ በዓይን ልስልስ ይመስላል እንጂ ሲጎላ ጭረት በጭረት ነው። በጭረቶቹ ውስጥ ክብ ክብ ጥቃቅን ነገሮች ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ በላያቸው ላይ ደግሞ ንፍጥ የመሰለ ነገር እንደ ድንኳን ተዘርግቷል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ቆዳ ላይ ሲኖሩ ምንም አይሉም ነበር አላት፤ ብረት ሲያገኙ ግን ይሰፍሩበታል፣ ድንኳኑን ራሳቸው ይሠሩታል፣ መድኃኒቱ ሲመጣ ከላያቸው ፈሶ ያልፋል። እሱ የሚሠራው ባክቴሪያ እንዳይሰፍርበት ብረቱን የሚያለብሱትን ሽፋን ነው። የትኛውን ሽፋን እንደሚያለብስ የሚያውቀው ግን የትኞቹ እንደሆኑና አሁንም የት እንደሚኖሩ ሲያውቅ ነው። ከሚጣ አጠገብ የሆነ ሰው ላይ ካሉ አዲሱም ብረት ላይ ለመውጣት መንገዱን አይረሱትም።

እናትየዋ ስክሪኑን ብዙ ጊዜ አየች። «ከኔ ከሆነስ?» አለች።

«ከእርስዎ ከሆነ መድኃኒት አለው፤» አለች ተመራማሪዋ። «አፍንጫ ውስጥ የሚቀባ ነው። ካላወቅነው ግን የለውም።»

ከዚያም እስከ ነገ ጠዋት ሳሙና፣ ውሃ፣ በረኪና፣ ምንም እንዳትነካ ነገረቻት። እናትየዋ ሌላ ቀዶ ሕክምና የታዘዘባት ያህል ደነገጠች።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ሄዳ ፈቃድ ጠየቀች። የላውንደሪው ኃላፊ በረኪና ሳትነኪ እዚህ ምን ልትሠሪ ነው፣ ልትዘፍኚልን ነው ወይ ብሎ ቀለደባት፤ ቀኑ ከደሞዟ እንደሚቆረጥ ግን ሳይቀልድ ነገራት። ቤቷ ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደራ እንደተሰጣት የሰው ዕቃ አኖረቻቸው። ከአውቶብሱ ብረት የያዘችው፣ ከበሩ እጀታ የያዘችው ሁሉ እዚያ ላይ ሲርመሰመስ የሚሰማት መሰላት።

ማታ ባሏ ሾርባ ሠራ። ምስሩ አልበሰለም፣ ሽንኩርቱ አርሯል። ባልታጠበ እጅ ማንኪያ አልይዝም ስላለች ወንበሩን አጠገቧ ስቦ ተቀመጠ።

«አፍሽን ክፈቺ።»

«ሕፃን አደረግኸኝ?»

«ሕፃንማ እጇን ትታጠባለች።» በማንኪያ አጎረሳት። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታጠብ፣ ታጠብ እያልሽ ቁም ስቅሌን አሳየሽኝ። ይቺን ቀን ሳላያት ብሞት ይቆጨኝ ነበር።»

እየበላች አልኮሉን ነገረችው። የጎደለው ለዚያ ነው ወይ፣ እኔ እኮ ደንበኞቼን ስጠረጥር ነበር አላት። ሳቀች። ወዲያው ሳቁ ከፊቷ ጠፋና፣ የሆዷን አወጣችው። ከእሷ ቢሆን፣ ልጅቷን በገዛ እጇ እንዲህ አድርጋት ቢሆን ምን ትሆናለች? ሚጣስ ምን ትላታለች?

ባሏ ጢም ሲላጭ እንኳ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። አሁን ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠ።

«ከአንቺ ከሆነ ከአንቺ ነው፤» አላት። «እግሯ ከተረፈላት ምን ጎደለብን? አሁን ብዪ፣ ቀዘቀዘ።»

በማግስቱ ጠዋት ያልታጠበ እጇን እንደ ሸክም ይዛ ሄደች። ተመራማሪዋ ጥጥ በተጠቀለለበት ስንጥር ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠረገች፤ ከዚያ አፍንጫዋን። ሲያበቃ እናትየዋ የእጅ መታጠቢያው የት እንደሆነ ጠየቀች። ተመራማሪዋ እየሳቀች አሳየቻት፤ ውሃው ሲፈስ ለረጅም ጊዜ ተሰማ።

ውጤቱ ሲመጣ ተመራማሪዋ በስልክ ልትነግራት አልፈለገችም። ጠርታ፣ አጠገቧ አስቀምጣ ነገረቻት። ሳህኑ ላይ በቅሏል። ዘረመሉን ከብረቱ ላይ ከተገኘው ጋር አነጻጽረውታል፤ አንድ ነው። ከሚጣም አፍንጫ ያው ተገኝቷል። ከነርሱና ከዶክተሯ ላይ ያለው ሌላ ነው፤ የባለቤቷ ሳህን የሻገተ ዳቦ ቢመስልም ያኛው ባክቴሪያ ግን እሱ ላይ የለም።

«ከእርስዎ ወደ እሷ ይሁን ከእሷ ወደ እርስዎ፣ ያንን ማንም ሊነግርዎት አይችልም፤» አለቻት። «ስንት ጤነኛ ሰው ተሸክሞት ይኖራል። እኔም አፍንጫዬ ውስጥ የሱ ዘመድ አለኝ።»

«ይሁን ልጄ፤» አለች እናትየዋ። «ቅባቱን አምጪ።»

ዶክተሯ የሚደረገውን አስረዳቻት። እናትና ልጅ ለጥቂት ቀናት አፍንጫቸውን ይቀባሉ፣ ገላቸውን በተለየ ሳሙና ይታጠባሉ፤ ከዚያ እንደገና ተመርምረው መሐንዲሱ ሽፋን ያለበሰው ብረት ይገባል። ሕክምናው እስኪያልቅ አስታማሚ ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ግን እናት ናትና፣ ማስክና ጓንት አድርጋ፣ ልጇንም አልጋውንም ሳትነካ ክፍሉ ውስጥ መቀመጥ ትችላለች።

ሚጣ ተደግፋ ስልኳን ስትነካካ ነበር። እናቷ ማስክ አድርጋ ስትገባ፣ ከአልጋውም ርቃ ግድግዳው ጋ ስትቆም አይታ ስልኩን ደረቷ ላይ አስቀመጠች። አባቷ ከኋላ ቆሟል። አንድም አስቸኳይ ደንበኛ ሳይመጣበት ነው የመጣው።

እናትየዋ መንገዱን ሁሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ሚጣዬ፣ ብረትሽ ላይ የነበረው እኔ ላይ ተገኘ።»

ልጅቷ አየቻት። ዓይኗ ወደ እናቷ እጆች ወረደ። በጓንት ተሸፍነው እንኳ አንዱ ሌላውን ያሻል።

«እና?» አለች ሚጣ። «አፍንጫዬ የአንቺ፣ ግንባሬ የአንቺ፣ አመሌ የአንቺ። ባክቴሪያውን ከጎረቤት ላምጣልሽ?»

እናትየዋ ልትስቅ ስትል አለቀሰች። ሳታስበው አልጋው ጋ ደርሳ ነበር፤ እጇ በራሱ ጊዜ ወደ ልጇ ጉንጭ ሄዶ አየር ላይ ቆመ። መለስ አደረገችው።

ሚጣ ይህን አየች። «እዚያ ወንበር ላይ ቁጭ በይ በቃ። ዶክተሯ ትችያለሽ ብላሻለች አይደል?»

«ብላኛለች።»

«ታዲያ?»

እናትየዋ ወንበሩን አየችው። አልጋው አጠገብ ነው። ልጅቷ ከመጣች ጀምሮ እዚያ ላይ ተቀምጣ ትራስ አስተካክላለች፣ ብርድ ልብስ ጎትታለች፣ ግንባር ዳስሳለች፣ ልጅቷ እንቅልፍ ሲወስዳት ደግሞ ሳያስፈልግ ፀጉሯን ደባብሳለች።

«እዚያ ከተቀመጥኩ እጄ አያርፍም፤» አለች። «አባትሽ ይቅር።»

«አባዬ ነው የሚያስታምመኝ? እሱንስ ማን ያስታምመዋል?»

«ተዪኝ እንጂ፤» አለ አባትየው። «ከዚህ ቤት ንጹሕ እኔ ነኝ፤ በምርመራ የተረጋገጠ።» ፊቱ ግን እንደ አንሶላው ነጭ ሆኗል። እግሩ ላይ የተተከለውን ዘንግ ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

እናትየዋ ልታስረዳው ጀመረች። ውሃ ስትጠይቅ ጭልፋው፣ አይ፣ ብርጭቆው እዚያ ነው፤ ሌሊት እግሯ ሲበርዳት ዝም ነው የምትለው፣ ራስህ እይ፤ ነርሱን ስትጠራ አትጩህ፤ ትራሱን ደግሞ በዚህ በኩል። መሃል ላይ አቆመች። ብርድ ልብሱ ከሚጣ ደህና እግር ላይ ተንሸራቶ ነበር። ጠበቀች። ባሏ ጣሪያውን ማየት ትቶ ወደ ታች አየ፤ ዘንጉንም አየ። ዋጥ አደረገና ጎንበስ ብሎ ብርድ ልብሱን በሁለት እጁ፣ ደንበኛው አንገት ላይ ፎጣ እንደሚያስር አድርጎ፣ እግሯ ላይ ጠቀለለው።

«ጠበቀብሽ?» አላት።

«ፀጉሬን አትቁረጠኝ እንጂ ደህና ነው፤» አለች ሚጣ።

እናትየዋ የቅባቱን ብልቃጥ በሹራቧ ኪስ ይዛ ወደ በሩ ሄደች። ደፉ ላይ ስትደርስ እንደገና አየቻቸው። እሱ ወንበሯ ላይ ተቀምጧል፤ ልጅቷ አንድ ነገር ስትነግረው ጎንበስ ብሎ ይሰማል። ልትጨምር የፈለገችው ነገር ነበር፤ አልጨመረችም።

ያን ቀን አባትየው ከልጁ ጋር ቀረ፤ እናትየዋ ሄደች።